ለአዞ ሐረግ ዝም ያልኩበት ጧት

ዛሬ ቀኝ ጉልበቴ እንቁላል ጣለ። እውነቴን ነው፤ ቢጫ ውኃ የቋጠረ፣ የቄብ እንቁላል የሚያህል እብጠት ቁጢጥ ብሎበታል። ጥፋተኛው ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ከገዛ አጥሬ በቀጠፍኩት ቅጠል።

ብርድ ሲገባ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። በአጥሬ ላይ ደግሞ አዞ ሐረግ ይሳባል። ቅጠሉን ወቅጦ የሚያመው ቦታ ላይ ማሰር በእኛ አገር የቆየ ነገር ነው፤ ግን ለአፍታ ነው። ቆዳው ሞቅ ሲለውና መቆንጠጥ ሲጀምር ፈትቶ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ነው። ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ስመክር የኖርኩት እኔ ነኝ። ጧት አሰርኩና «ዜናው ሲያልቅ እፈታዋለሁ» ብዬ ሬዲዮኔ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዜናው ሳያልቅ ጎረቤቴ መጥረቢያ ሊዋስ መጣ። መጥረቢያውን ሰጠሁት። ግን መጥረቢያ ብቻ ሰጥቶ ሰው ይሸኛል? ስለ እጀታው አወራሁት፤ እጀታው ስለተጠረበበት ወይራ አወራሁት፤ ወይራው ስለበቀለበት መሬት ክርክር አወራሁት። ሰውየው ቆሞ ሰማኝ፣ ተቀምጦ ሰማኝ፣ እንደገና ቆሞ ሰማኝ። እሱ ነፃ ሲወጣ የእኔ ጉልበት ተቃጥሎ ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ጨርቁን ገልጣ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። የነከሰችው ሳቋን ነው።

«አባባ፣ ምን ነካዎት?»

«ቅጠል።»

«ምን ዓይነት ቅጠል ነው እንዲህ የሚያቃጥለው?»

«አዞ ሐረግ ይባላል።»

«ለስንት ሰዓት አሰሩት?»

«ወሬው እስኪያልቅ።»

«ወሬውስ ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«እሱን ጎረቤቴን ጠይቂው። የተሠቃየው እሱ ነው።»

አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ በነጭ ፋሻ ጠቀለለችልኝ። «እኔ የምከለክልዎት ቅጠሉን አይደለም፤ ወሬውን ነው» አለችኝ። «እስቲ ይንገሩኝ፣ በዕድሜዎ ለአንድ ጧት እንኳ ዝም ብለው ያውቃሉ?»

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ሳቁ ግን አልመጣም። አንድ ጧት ዝም ብዬ አውቃለሁና።

አዞ ሐረግን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በደጋው በየጅረቱ ዳር፣ በወይራውና በጥዱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሐረግ ነው። ራሱን ችሎ አይቆምም፤ የሌላ ትከሻ ይወዳል፤ በዚህ በዚህ እኔን ይመስላል። ክረምቱ ሲወጣ ወተት የመሰለ አበባውን በዛፉ ላይ ያፈስሳል። አበባው ሲረግፍ ደግሞ ፍሬው እንደ ጺም ያለ ነጭ ጭገር ያወጣና የተሸከመውን ዛፍ ሁሉ ሽማግሌ ያስመስለዋል። ግንዱ ጠንካራ ነው፤ ቤት ስንሠራ ማገር እናስርበታለን፣ አጥር እንቋጥርበታለን። ቅጠሉ ግን ቁጡ ነው። ፍየል እንኳ አሽትታ ትተወዋለች። ጉንፋን የያዘው ሰው በመዳፉ አሽቶ አንዴ ከማገው ዓይኑ እንባ ይሞላል፣ አፍንጫው ይከፈታል፣ የመከረውን ሰው ይራገማል፣ ከዚያ ይሻለዋል። ለእከክም ይሉታል፣ ለጭርትም ይሉታል። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ግን ለከብት ቁስል ነው፤ ትል ላወጣ ቁስል።

እኔም የፈለግሁት ለዚያ ነበር።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ዝናቡ ከድቶን ከርሟል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር መካነ ሰላም ላይ የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ ገና አልወረደም፤ ከሥሩ ግን የሚሰፈር እህል የሚጠብቅ ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል። እኛ ከከተማው ቁልቁል በእግር በሚደረስበት መንደር ነበርን። ከሌላው አገር ይሻላችኋል ይሉን ነበር፤ መሻላችን ከብቶቻችን ከመሞታቸው በፊት ቆመው መታየታቸው ነው።

ያኔ ጎልማሳ ነኝ። የነበረኝም አንድ በሬ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። ከያኔው ጎረቤቴ ጥቁር በሬ፣ ከጉራቹ ጋር እናጣምደዋለን። ጎረቤቴ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያለ እስላም ነው። አያ እለው ነበር፤ ዛሬም ሳነሣው አያ እለዋለሁ። አንድ ቀን የእኔን መሬት፣ አንድ ቀን የእሱን መሬት እያረስን ኖረናል። አንዱ በሬ ከሞተ ሌላው ለእርሻ አይሆንም፤ ስለዚህ ሁለት ቤት በአንድ ጥማድ ላይ ተንጠልጥሏል። በሬ የሌለው ሰው ለሰፈራ ይጻፋል የሚባል ወሬ ደግሞ በየገበያው ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም። ወሬው ግን ባለቤቴን እንቅልፍ ነሥቷት ነበር። እናቷ በዚያው በእኛ መንደር አልጋ ይዘው ተኝተዋል፤ እሳቸውን ጥላ የትም ልትሄድ አትችልም።

ሣር ስለጠፋ በሬዎቹን ሩቅ ገደል ድረስ እየነዳን እናሰማራለን። አንድ ቀን ስንመለስ መሸብን፤ ጅብ ቦራውን ከኋላ ታፋው ላይ ቦጨቀው። በዚያ ዓመት ጅቡም እንደ እኛ ነበር፤ ዓይን አውጥቷል፣ ሰው አይፈራም። ጮኸን አስጣልነው። ቁስሉ ግን ሰነበተና መሽተት ጀመረ፤ ቀጥሎም ትል ታየበት። ከቤታችን ጣሪያ ሣር እየመዘዝን ነበር የምናበላው፤ እሱንም ተወው። ወደ ወረዳው ሄጄ የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅሁ፤ ሰውየው አንድ ነው፣ አገሩ ብዙ ነው፣ ወደ ሌላ ቀበሌ ወጥቷል፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

አያ ቁስሉን አጎንብሶ አየና «አዞ ሐረግ ነው የሚያወጣው» አለ። መድኃኒት መቁረጥን ያወቀው ከአባቱ ነው። «ግን የሚቆርጠው ባለቤቱ ነው። በረቡዕ ወይ በዓርብ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀመስ። ብረት አይነካውም፤ በእጅ ነው የሚቀጠፈው። ጥላህ አይረፍበት። ከቀጠፍከው በኋላ መሬት አይንካ፤ በሁለት እጅህ ታቅፈኸው ና። ደግሞ…» ብሎ አየኝ፤ ባለቤቴንም አያት።

«ደግሞ ምን?» አልኩት።

«ከቤትህ ከወጣህ ጀምሮ ቅጠሉ ቁስሉን እስኪነካ ድረስ ለማንም አትናገርም። ሰላም ቢሉህ አትመልስም።»

ባለቤቴ በሬው የሞተ ያህል ራሷን ያዘች። «አንተ በሬውን እርሳው አያ» አለችው። «ይሄ ሰው እኮ ተኝቶም ያወራል።»

«እስቲ እንሞክረው» አለ አያ። ወጣና እንደ እንግዳ በሩን አንኳኩቶ ገባ። «እንደምን አመሻችሁ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እንደምን አመሸህ!» አልኩት።

ባለቤቴ ማማሰያዋን ጥላ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው ሳቅ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። አያ ግን አልሳቀም። «ወላሂ፣ ይሄ በሬ ሞቷል» አለ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገባ፣ እንደገና መለስኩለት። በመጨረሻ ባለቤቴ ጥሬ ባቄላ አፌ ውስጥ አስቀመጠችና «ይሄን ይዘህ ሂድ፤ እንዳትውጠው» አለችኝ። «እህል ሳይቀመስ ነው ያልኩት እኮ» አለ አያ። ባቄላውን መልሳ ወሰደችው፤ በዚያ ዘመን ባቄላ ቀልድ አይደለም።

ረቡዕ ወጣሁ። ጥሩ ሄድኩ። ውሻ ጮኸብኝ፤ አልሰደብኩትም። ከመንደሩ መውጫ ላይ ስደርስ ግን የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ከድንጋይ ካቡ ኋላ ብቅ አለ። ያን ጊዜ በጨለማ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይጠየቃል። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤአለሁ።

«ቁም! ማነህ?»

ዝም።

«ማነህ ብያለሁ!» ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁት።

«ሚዜህ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

እውነቴን ነበር፤ ሲያገባ ሚዜው ነበርኩ። ጠመንጃውን አወረደና «ታዲያ ሚዜ ከሆንክ ለምን አትናገርም?» አለኝ። «ተናገርኩ እኮ! ይኸው ተናገርኩ! በሬዬን ገደልክብኝ!» አልኩት፤ ከተናገርኩ አይቀር ብዬ ሁሉንም ነገር አወራሁት። ከዚያ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አያ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር፤ ገና ከሩቅ አየኝና ፊቱን አዞረ። ቦራው ያን ቀን ተኛ። በሬ ቁስል ይዞ ከተኛ አነሣሡ ይከብዳል።

ሐሙስ ጥበቃውን ፈልጌ አገኘሁት። «ነገ በዚያው አልፋለሁ። ብትጠራኝም አልመልስልህም። እንዳትተኩስ።»

«አንተ? ዝም ልትል?» ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ዝም ካልክማ መንግሥት ተገልብጧል ማለት ነው።» የራሱን ቃል ጆሮው ሲሰማው ደነገጠ። «እኔ ምንም አላልኩም» አለኝ።

«እኔም አልሰማሁም» አልኩት።

እንዲህ ነበር ጊዜው። አገሩ ሁሉ ዝም ማለት ለምዷል። ስብሰባ ላይ ዝም፣ ገበያ ላይ ዝም፣ ልጁ የት እንደደረሰ የሚጠየቅ አባት ዝም። እኔ ብቻ አለመድኩም፤ ጀግና ሆኜ አይደለም፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ስለሚነሣ ነው። ባለቤቴ ስብሰባ በሄድኩ ቁጥር እስክመለስ ደጅ ላይ ትቆም ነበር።

ዓርብ ወጣሁ። ውርጩ መሬቱን ነጭ አድርጎታል። ጥበቃው ከካቡ ኋላ አየኝና እጁን አፉ ላይ አድርጎ አሳለፈኝ። ገደሉ አፋፍ ያለው ትልቅ ወይራ ላይ ደረስኩ። አገሩ ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አዞ ሐረጉ ለብሶታል፤ አበባውም ጺሙም አንድ ላይ ወጥቶ በዚያ ብርሃን በረዶ የጣለበት ይመስላል። ልናገር ፈለግሁ። ለሐረጉ እንኳ «እንደምን አደርክ» ልለው ፈለግሁ፤ ሳቄ መጣ፣ እሱንም ዋጥኩት። አያ እንዳለኝ አድርጌ በእጄ ቀጠፍኩ፤ ከበዛ ይሻላል ብዬ ጋቢዬ ውስጥ በሁለት እጄ እስካቅፈው ድረስ ቀጠፍኩ። ቅጠሉ ሲሰበር ውኃው መዳፌን አገኘው። መጀመሪያ ሞቀኝ። ከዚያ ቆነጠጠኝ። ወደ ኋላ ስመለስ እጄ ፍም የጨበጠ ያህል ይነድ ነበር፤ ማስቀመጥ አይቻልም፣ መሬት ይነካል።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ። አንዱ ወደ መካነ ሰላም ሽቅብ ይወጣል፤ አንዱ ቁልቁል ወደ በረሃው ይወርዳል። እዚያ ስደርስ አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የእኛ አገር ሰው አይደሉም። ነጠላቸው ከመሳሳቱ የተነሣ ወገባቸው ይታያል፤ እግራቸው አቧራ ነው። ብቻቸውን ናቸው። ሌሊቱን ሲሄዱ እንዳደሩ ፊታቸው ይናገራል።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉኝ።

በእኛ አገር ለዚህ የማይመልስ የለም፤ ክርስቲያኑም ይመልሳል፣ እስላሙም ይመልሳል። ምላሴ ተነሣ። ጥርሴን ነከስኩበት።

«እንደምን አደርክ የኔ ልጅ? ሰላም አደርክ? ቤትህ ደህና አደረ?» ጠበቁ። ትንፋሻቸው በብርዱ ውስጥ ይታያል። «መንገዱ ጠፍቶኝ ነበር። እህል የሚሰፈርበት ከተማ በየትኛው ነው የሚኬደው?»

እጄ ተይዟል። በአገጬ ወደ ላይኛው መንገድ አመለከትኩ፤ በቅንድቤም አመለከትኩ። እሳቸው ግን የሚያዩት አፌን ነበር፤ ቃል ነበር የሚጠብቁት። አገጬን ማየታቸውን፣ አይተውም መረዳታቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ዲዳ ነው ለካ» አሉ ለራሳቸው። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ የለም። ምርኩዛቸውን በብብታቸው ይዘው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። «አብሽር የኔ ልጅ። ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ ምላስ ፍታለት። ሰው የሚያናግርበት ምላስ ስጠው።»

ያን ሁሉ መንገድ ርቧቸው የመጡ ሰው የለመኑት ለእኔ ምላስ ነው፤ ለእኔ! ዱኣቸውን ሲጨርሱ እኔን ያዩኛል፤ አሜን ይጠብቃሉ። እሱንም ዋጥኩት። ከዚያ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እሳቸው፣ አዛውንቱ፣ ከመንገዱ ወጥተው ድንጋይ ላይ ቆሙና አሳለፉኝ።

ሮጥኩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማድረስ ነበር ሐሳቤ፤ በሬውን አድኜ፣ ምላሴን ፈትቼ፣ ተመልሼ ልደርስባቸው። አያ ቁስሉን በጨው ውኃ አጥቦ ጨርሶ ነበር። ቅጠሉን ከእቅፌ ተቀብሎ በሁለት ድንጋይ መካከል አደቀቀና ውኃውን ቁስሉ ውስጥ ጨመቀው። ቦራው ተኝቶ እንደነበረ እግሩን ወረወረ፤ መራገጡ ደስ ያሰኘን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ትሉ መርገፍ ጀመረ።

«በል፣ አሁን ተናገር» አለች ባለቤቴ እየሳቀች። «እስካሁን ሳትፈነዳ መቅረትህ!»

አፌን ከፈትኩ፤ መጀመሪያ የወጣኝ ልቅሶ ነው። እጄን አዩና በእጄ ቃጠሎ የማለቅስ መሰላቸው። መዳፌ ውኃ ቋጥሯል።

«ሽማግሌ…» አልኩ። «መንገድ ላይ… ሰላም አሉኝ።»

አያ ድንጋዩን ከእጁ አስቀመጠ። «ሰላም አሉህ?»

«አሉኝ። መንገድም ጠየቁኝ።»

«አልመለስክም?»

«አንተ አይደለህ ዝም በል ያልከኝ!»

 አያ እስላም ነው፤ ለሰላምታ አለመመለስ እሱ ዘንድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። «አባቴ ይሄን አልነገረኝም» አለ። «በአባቴ ጊዜ መንገደኛ ሰላም ብሎ ያልፋል። መልስ ቢያጣ ይቀየማል እንጂ አይሞትም። መንገድ ጠይቆ ቢያጣም የሚቀጥለው ቤት ይገባል፣ ይበላል።» ተነሣ። «ና ውጣ!»

ባለቤቴ ለእናቷ ያስቀመጠችውን ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችን። መንገዱ ለሁለት ወደሚከፈልበት ደረስን። ሰው የለም። ውርጩ ላይ የምርኩዛቸው ጫፍ የወጋው ነጥብ ነጥብ ይታያል፤ ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይዞራል፤ ከዚያ መሬቱ አለት ነው፣ ምንም አይታይም። ሲወላውሉ ቆይተዋል ማለት ነው። ቆሎውን ለአያ አካፈልኩትና እሱ ቁልቁል ወረደ፤ እኔ ሽቅብ ወጣሁ።

መካነ ሰላም እህል የሚሰፈርበት ቦታ ስደርስ ሰዉ ሜዳውን ሞልቶታል። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ሁሉ እሳቸውን ይመስላል። እየዞርኩ «አሰላሙ አለይኩም» እላለሁ፤ ሁሉም ይመልሱልኛል፣ ደክሟቸውም ይመልሱልኛል፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ ግን እሳቸው አይደሉም። አንድ ሴትዮ «ማንን ነው የምትፈልገው ወንድሜ?» አሉኝ። ስማቸውን አላውቅም፣ አገራቸውን አላውቅም። «ሰላም ያሉኝን ሰው» አልኳቸው። ከተቀመጡበት ጠጋ ብለው «ተቀመጥ፣ ደክሞሃል» አሉኝ፤ የተራበ ሰው መስያቸው ነው። ቆሎውን ለእሳቸውና ከጎናቸው ላሉት ሰጥቼ ተነሣሁ።

አያ ከጁምዓ ሰዓት በኋላ በበረሃው በኩል ዞሮ መጥቶ አገኘኝ። ቆሎው እንደተቋጠረ በእጁ ነው። ራሱን ወዘወዘ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ሁለታችንም አልተናገርንም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ዝም በሉ አላለንም።

በማግስቱም ሄድኩ። ከበረሃው የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጠየቅሁ። አየን ያለ የለም።

ቦራው ዳነ። ቁስሉ ደረቀ፣ ጠገገ፤ ፀጉር የማያበቅል መዳፍ የሚያህል ጠባሳ ታፋው ላይ ቀረ። ያዳነው ሐረጉ ይሁን፣ የጨው ውኃው ይሁን፣ የራሱ ዕድሜ ይሁን፣ ዛሬ ቢጠይቁኝ አላውቅም። ዝናቡ ሲመጣ ከጉራቹ ጋር ተጣምዶ ሁለቱንም መሬት አረሰ። ገብሱ ደረሰ። ለሰፈራ አልተጻፍንም፤ ባለቤቴም እናቷን በገዛ መንደራቸው ቀበረች። የመጀመሪያውን እሸት ስንቆርጥ ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና እጇን ገብሱ ውስጥ እንዳደረገች «ረቡዕ ጠመንጃ ለያዘው መለስክለት፤ ዓርብ ምርኩዝ ለያዙት ዝም አልክ» አለችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም። ስትቆጥረው የኖረችውን ነገር ጮክ ብላ መናገሯ ነው። ከዚያ እሸቱን አቀበለችኝ፤ በላሁ። ጣፈጠኝም። ይህንንም አልደብቅም።

ከዚያ ወዲያ ለአያ መድኃኒት ፍለጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ነበር የሚሰማው። «ዝም ብለህ ሂድ፤ ሰላም ያለህ ሰው ካለ ግን መልስ፤ መንገድ ከጠየቀህም ቁመህ አሳየው። ቅጠሉ እምቢ ካለ ሌላ ቀን ይቆረጣል» ይላቸዋል። አንዳንዱ «አባትህ እንዲህ አላሉም» ብሎ ይከራከረዋል፤ «አባቴ ሰባ ሰባትን አላየም» ብሎ ይመልሳል። በእኔ ግምት ቅጠሉ ከዚያ በኋላም የሚያድነውን አዳነ፣ የማያድነውን አላዳነም።

አያ ሊሞት ሲል አጠገቡ ነበርኩ። አብረን ስንኖር ያስቀየምኩትን ሁሉ ቆጥሬ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ቆጠራው ረጅም ነው፤ አፌን ታውቁታላችሁ። «አፉ፣ አፉ» ሲል ቆየ። በመጨረሻ «የእኚያን ሽማግሌ ነገርስ?» አልኩት። ዓይኑን ገለጠ።

«እሱን እንዴት አፉ ልበልህ?» አለኝ። «ሰላም ያሉህ እሳቸው፤ እኔ ምን አገባኝ።»

«እሳቸው እኮ ዛሬ በሕይወት አይኖሩም።»

«እንጃ» አለ። «አንተ ጠይቅ።»

እጠይቃለሁ። ገበያ ስወጣ ከታች አገር የመጣ ሰው ካየሁ፣ በዚያ ዓመት ወደ መካነ ሰላም የመጡ አባት ወይ አያት እንደነበሩት እጠይቀዋለሁ፤ ጥያቄው ወሬ ይወልዳል፣ ወሬው ሌላ ወሬ ይወልዳል፣ ሰውየው ዕቃውን ሸክፎ ይሸሸኛል። ያለብኝ ትንሽ ነገር ነው፤ ለመክፈል አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። አንድ «ወአለይኩም ሰላም»፣ ከእሱም ቀጥሎ አንድ «አሜን»። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉብኝ።